ሰባት ጎተራ የበላች ጠንቋይ

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ አንድ ጥርስ የቀራት አሮጊት የሰባት ጎተራ ስንዴ እንዴት ቆርጥማ ትጨርሳለች? ከጫካው ጫፍ፣ አገር ሁሉ ጠንቋይ በሚላት በእመት ትርንጎ ጎጆ ደጃፍ፣ የንጉሡ የጎተራ ሹም በጅሮንድ ቀጸላ የበቅሎውን ልጓም ይዞ ይለማመጣታል።

ትርንጎ፦ አልበላሁም! አንተ ልጅ፣ አልበላሁም አልኩህ!

ቀጸላ፦ እመት ትርንጎ፣ መብላትዎን ማን ጠየቀዎት? በላሁ ይበሉ ነው ያልኩት።

ትርንጎ፦ ብልስ ማን ያምነኛል? እኔ እኮ ሽሮ እንኳ አላምጬ ነው የምውጠው።

ቀጸላ፦ እንግዲያው በድግምት ወደ ጉንዳን ለወጥኩት ይበሉ። ጉንዳኑ በገዛ እግሩ ሄደ፤ ማን ያሳድደዋል?

ትርንጎ፦ ድግምቱን ባውቅማ ጉንዳኑን ወደ ስንዴ እለውጥ ነበር! ጎጆዬ ውስጥ ጉንዳን መች ጠፋ?

ቀጸላ፦ ምን ያስቆጣል፣ እናቴ? አምና አንበጣውን ላከች ሲባሉ ዝም ብለው የለም? የንግሥቲቱን ራስ ምታትስ?

ትርንጎ፦ የንግሥቲቱ ራስ ምታት ጠጅ መሆኑን አገር ያውቃል። አዎ፣ ዝም አልኩ። እንዲያውም ወደድኩት። ጠንቋይ ከተባልኩ ወዲህ አጥሬን የሚነቅል፣ ዶሮዬን የሚሰርቅ ጠፋ። መፈራት ከውሻ ይሻላል፤ ቀለብ አይጠይቅም።

ቀጸላ፦ ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?

ትርንጎ፦ ይሄ ሕዝቡ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው እህል ነው! ከርሞ ልጆች ሲርባቸው እናቶቻቸው «ተኛ፣ እራትህን ትርንጎ በልታዋለች» ሊሏቸው? ልጅ ማስፈራት እወዳለሁ፣ አልክድም። ልጅ ማስራብ ግን አልወድም።

ቀጸላ፦ ነገ እኮ አፈርሳታ ነው! አገሩ በሙሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ሁሉም በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ትርንጎ፦ እኔስ ወዴት እሄዳለሁ?

ቀጸላ፦ ከወንዙ ማዶ። ለጥቂት ጊዜ ነው። ጎጆዋም… ትቃጠላለች። ለወጉ ያህል።

ትርንጎ፦ ለወጉ ያህል! በቅሎህስ እንዲህ የደለበችው ለወጉ ያህል ነው? ሆዷን ተሸክማ መራመድ አቅቷታል።

ቀጸላ፦ በቅሎዬን ተይ!

ትርንጎ፦ አሃ! አክብሮትህም እንደ ጎተራው ባዶ ሆነ።

ቀጸላ፦ ስሚ፣ አንቺ አሮጊት! እምቢ ካልሽ እኔው ራሴ «ስትደግም አየኋት» ብዬ እመሰክራለሁ። አንቺን ማን ያምናል? ጠንቋይ ነሽ!

ትርንጎ፦ እስቲ ጠጋ በል። ምነው ወደ ኋላ ሸሸህ?

ቀጸላ፦ እጅሽን አታንሺ! እንቁራሪት እንዳታደርጊኝ!

ትርንጎ፦ አፍንጫህ ላይ ያረፈውን ዝንብ ላባርርልህ ነበር። በራስህ ውሸት የምትደነግጥ ሌባ አንተን አየሁ።

ቀጸላ፦ ሌባ? ማን ሌባ አለ? ደግሞስ ጠንቋይ አፈርሳታ አትቀመጥም። ከሰው አትቆጠርም!

ትርንጎ፦ ከሰው ካልተቆጠርኩ እንዴት ሌባ እሆናለሁ? መስረቅ የሰው ነው። ከተቆጠርኩ ደግሞ እንደ ሰው አፍ አለኝ። አንዱን ምረጥ።

ቀጸላ፦ ነገር አታጣምሚ!

ትርንጎ፦ አንተም የአብዬን ወደ እምዬ አታምጣ!

ቀጸላ፦ እመት ትርንጎ… እናቴ… በሞቴ! በላሁ ማለቱም ይቅር። ነገ ብቻ ከቤት አይውጡ።

ትርንጎ፦ እወጣለሁ እንጂ! ከፊት እቀመጣለሁ። ጠንቋይቱ መጣች ብሎ አገር ጸጥ ሲል ተነስቼ እጠይቅሃለሁ፦ በጅሮንድ ቀጸላ፣ የሰባቱም ጎተራ ቁልፍ ያለው ባንተ አንገት ላይ ብቻ ነው፤ ታዲያ ስንዴው በየት በኩል ወጣ? ለእኔ እዚህ አታንሾካሹክልኝ! ነገ ቆመህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ለአገር መልስ!