ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

አቶ አንጁሎ ቅናትን ከሩቅ የሚያውቁት ሰው አልነበሩም፤ አብረውት ይበሉ፣ አብረውት ይተኙ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ፎቅ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሕንጻ አንደኛ ፎቅ ላይ የቅየሳና የንድፍ ቢሮ በከፈቱ ማግስት፣ የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ኤርካሎ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያንኑ ሥራ ጀመሩ። የኤርካሎ ቢሮ የሠራተኛውን ፋይል ሁሉ በአንድ የሚይዝ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ አስገባ የተባለ ዕለት አቶ አንጁሎ ምሳ አልወረደላቸውም። ቆይተው እሳቸውም ከአዲስ አበባ ግዙፍ ሰርቨር አስጭነው አመጡና እንግዳ መቀበያው መሀል አስቀመጡት። ባለቤታቸው የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሱት፤ ለቅዳሜም ምረቃ ሰው ጠሩ። ከጥሪ ካርዶቹ ሁሉ አብልጠው በደስታ የጻፉት የኤርካሎን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ላይ ከኤርካሎ ልጅ ከሶፊ ጋር ተገጣጠሙ። ሶፊ ኮምፒውተር ተምራ በቅርቡ ተመርቃለች፤ ይህም ለአቶ አንጁሎ ሌላ ቁስል ነው።

“ጋሼ አንጁሎ፣ እንዴት አደሩ? ሰርቨሩ ሥራ ጀመረ?”

“ቅዳሜ ይመረቃል። ከዚያ አንዱ ልጅ ዊንዶውሱን በፍላሽ ይጭንልኛል። ክራክ ነው፤ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ፣ ፈቃድ ምናምን አይጠይቅም።”

“ካልተቆጡኝ ልጠይቅዎት፤ ምን እንዲሠራልዎት ነው የገዙት?”

እውነተኛው መልስ “አባትሽን እንዲያቃጥልልኝ” የሚል ነበር። የቀና ሰው የሚገዛውን ዕቃ ጥቅም መች ይጠይቃል!

“ከአባትሽ ይበልጣል” አሉ አቶ አንጁሎ።

“ይበልጣል። ግን ዕቅዱ የሚጀመረው ከሰዉ ነው። እርስዎ ጋ ስድስት ሠራተኛ አለ፤ ንድፉን በፍላሽ ይቀባበላሉ፤ የመጨረሻው የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከሻንቶ የመጣው ደንበኛዎ የቤቱን መሠረት ያስቆፈረው በአሮጌው ንድፍ አይደል?”

“እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ!”

“ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ጋሼ። ንድፉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉም ከዚያ ቢከፍት አይደርስም ነበር። ማሽኑ አየር ያለው፣ የሚቆለፍ ክፍል ይፈልጋል፤ ዳንቴሉ ያፍነዋል። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ የንድፎቹ ቅጂም ያስፈልገዋል።”

“ፈቃዱስ? ለማይታይ ነገር ገንዘብ አውጣ ነው የምትዪኝ?”

“ማሽኑን ሲገዙ ሶፍትዌሩን አልገዙም። ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ለሚጠቀሙበት ሠራተኞችም ለብቻው ይገዛል። አቅም ካልፈቀደ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚገኝ አለ፤ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል። ክራኩ ውስጥ ግን ማን ምን እንደደበቀ አይታወቅም።”

ይህን ጊዜ ቅናታቸው ገንፍሎ ወጣ። “ገባኝ! አባትሽ ነው የላከሽ። የእኔ እንዳይበልጥ ፈርቶ ምረቃዬን ሊያስቀርብኝ!”

ሶፊ አንገቷን ደፋች። “አዎ፣ እሱ ነው የላከኝ። እዚህ ቆሜ ስጠብቅዎት ነበር። የእኛ ሰርቨር የተጫነው በክራክ ነው። ባለፈው ወር ቫይረስ ገብቶ የገሱባና የዲምቱ ደንበኞቻችንን ንድፎች በሙሉ እንዳንከፍታቸው ቆለፈብን። አባቴ አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ትናንት የጥሪ ካርድዎ ሲደርሰው ግን፣ ‘ሂጂና ለአንጁሎ ንገሪው፤ እንደኔ እንዳይሆን’ አለኝ።”

መዋሸት አያስፈልግም፤ መጀመሪያ አቶ አንጁሎን ደስ አላቸው። ደስታው ግን አልቆየም። በኤርካሎ ቦታ እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ አፋቸውን ዘግተው፣ ቅዳሜ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ባጨበጨቡ ነበር። ይህን ራሳቸው ያውቁታል። አፈሩ።

“ሶፊዬ” አሉ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፣ “ነይ ግቢ። ከየት እንጀምር?”

ምረቃው ቀረ። ቅዳሜ አቶ አንጁሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጡና ኤርካሎን በር ላይ አገኟቸው።

“ልጅህ የእኔ ማሽን ለስድስት ሰው ይበዛል ብላኛለች” አሏቸው። “የአንተም ሰዎች ይግቡበት። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ገመድ በደረጃው በኩል እናውጣው።”

ኤርካሎ የአንጁሎን ትከሻ ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧቸው።

ዛሬ ሰርቨሩ ከጓሮ ባለች ነፋሻ ክፍል ተቆልፎበት ይሠራል። ሶፊ ሕጋዊውን ነጻ ሶፍትዌር ጭናበታለች፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ የይለፍ ቃል ስላለው አንዱ ቢሮ የሌላውን ንድፍ አያይም። ኮምፒውተር ቢበላሽ ቅጂው አለ፤ መብራት ቢጠፋ ሥራ አይጠፋም፤ በአሮጌ ንድፍ መሠረት የሚያስቆፍርም የለም። አቶ አንጁሎ ግን ዛሬም በኤርካሎ ይቀናሉ፤ መጀመሪያ ደግ የመሆኑን ዕድል ወስደውባቸዋልና።