ከንጣፉ ላይ የተወለወለው የካምቢዮ ዘይት

ቃል ሰጪ፦ የተጠርጣሪው ሹፌር ባለቤት፣ በሰፈሩ «ባለዘይቷ» በሚል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በመኪና መለዋወጫ መደብር የዘይት ሽያጭ
አድራሻ፦ ከመለዋወጫ መደብሮቹ ጀርባ፣ የኪራይ ግቢ፣ ሁለተኛው በር
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

እኔ ቃል ሰጪ ከላይ በተጠቀሰው አድራሻ ከባለቤቴና ከእናቱ ጋር እኖራለሁ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በሚያሽከረክራት አውቶማቲክ ታክሲ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን አሳፍሮ ሲሄድ፣ መኪናዋ መስቀለኛ መንገድ መሀል ላይ መሳብ አቅቷት ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ከጎን የመጣ የጭነት መኪና መታቸው። ባለቤቴ በጭረት ተረፈ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን እስካሁን ራሷን አታውቅም። መኪናዋን የመረመረው መካኒክ የካምቢዮው ዘይት ቀስ በቀስ ፈስሶ ማለቁን ተናግሯል። ባለቤቴም ሰኞ ጠዋት በዚሁ ጣቢያ «መፍሰሱን አውቄ ነው የነዳሁት» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ውሸቱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ማታ ባለቤቴ «ማርሽ ሳስገባ ቶሎ አትይዝም፣ ታቅማማለች» አለኝ። ዘይት ሸጬ የምበላ ሰው ነኝና፣ ደንበኛን እንደምጠይቀው ሁሉ «ከሥሯ ምን ይንጠባጠባል?» አልኩት። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ቀይ ወይም ወደ ቡኒ የሄደ ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ነው። የመኪናዋ ካምቢዮ የዘይት መለኪያ ዘንግ ስለሌለው የምትቆምበትን መሬት እንዲያይ ነገርኩት። በማግሥቱ አመሻሽ ሲገባ፣ መኪናዋን ከማቆሙ በፊት ጎንበስ ብሎ የምታድርበትን የግቢውን ንጣፍ አየ። እንደ ሳህን የጸዳ ነበር። «አንዲት ጠብታ የለም» አለኝ። እኔም «እንግዲያው ዘይቱ ደህና ነው፤ ሰኞ መካኒክ ይያት» አልኩት።

ሁለታችንም ያላወቅነው የእማማን ሥራ ነው፤ የባለቤቴን እናት ማለቴ ነው። አከራያችን ግቢውን አዲስ ንጣፍ ካነጠፉ ወዲህ «የዘይት ጠብታ ያየሁ ቀን ዕቃችሁን በር ላይ ታገኙታላችሁ» ብለው ዝተው ነበር። እኔ በማለዳ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴም መኪናዋን ይዞ ይከተለኛል። እሱ ሲወጣ እማማ ባልዲና የዱቄት ሳሙና ይዘው፣ አከራዩ ሳይነሡ ንጣፉን ሲወለውሉ ኖረዋል። ልጃቸው እንዳይጨነቅ ብለው ትንፍሽ አላሉም።

እሑድ ማታ ባለቤቴ እጁ በፋሻ ታስሮ ቤት ሲገባ እማማ ግንባሩን ስመው «እንኳን አንተ ተረፍክልኝ! ያቺ ቀይ የምታንጠባጥብ መኪናህ ገደል ትግባ፣ እኔም በየማለዳው ከመወልወል ዐረፍኩ» አሉ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። እማማ ነገሩ እስካሁን አልገባቸውም። ሰኞ ጠዋት በንጣፉ መጋጠሚያ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ቀዩን ዘይት አግኝቼአለሁ፤ ፖሊስ ሄዶ ማየት ይችላል።

ዛሬ ቀትር ላይ ባለቤቴን እዚሁ በታሰረበት ስጠይቀው «እማዬን ከዚህ ነገር አውጪልኝ። ልብስ ሰፊዋ እኮ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ካወቀች ትሞትብኛለች» ብሎ ለመነኝ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ በቀጥታ ወደ መርማሪው ክፍል ገባሁ። ተናድጃለሁ፤ መናደዴም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። ባሌ ያላወቀውን አውቄያለሁ ብሎ ሲታሰር ዝም ብዬ አላይም፤ እማማንም ማንም በክፉ እንዲያነሣቸው አልፈልግም። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። መርማሪው እናቲቱ ይጠሩ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ መጥሪያ እንዳይልኩባቸውና እኔው ራሴ ዛሬ እንደምነግራቸው ገልጬአለሁ።

እማማ ለልጃቸው ምሳ ይዘው ከዚህ ክፍል በር ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስለሚጠብቁ፣ ይህ ቃል በዝቅተኛ ድምፅ እንዲነበብልኝ ጠይቄ፣ እንደጠየቅሁትም ተነቦልኝ፣ ያልሆነ ነገር እንዳልጨመርኩና የሆነውንም እንዳላስቀረሁ አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________