ለጠላቂው የጎደለ ሽማግሌ

በደርግ ጊዜ ከናዝሬት መቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ፈቃድ የወጣ መርከበኛ አጠገቡ የተቀመጡትን የማያውቃቸውን አዛውንት ሲለማመጥ ሰማሁ።

«አባባ፣ ነገ መቂ ልጅ አስጠይቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ጎድሎኛል፤ ይሁኑልኝ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጠላቂ ነኝ። ዳህላክ ደሴቶች፣ አየር በጀርባዬ አዝዬ ባሕር ውስጥ እገባለሁ።»

«ያ ረቢ! አየርም ይታዘላል? እታች ምን አለ?»

«አበባ የመሰለ ድንጋይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ። ደሴቱ ላይ ደግሞ ሚዳቋ ይሮጣል። ወስጄ አሳያታለሁ።»

«ይህን ካወራሁ አባትየው ይከለክሉሃል።»

«ታዲያ ምን ይሏቸዋል?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ውሃ ላይ ነው የሚሠራው እላለሁ። ቧንቧ ይመስላቸዋል።»

«ሲያውቁስ?»

«ያኔ የልጅ ልጅ ታቅፈው፣ ዓሣውን ለሰፈር የሚያወሩት እሳቸው ናቸው።»

እኔ ቆቃ ወራጅ ነበርኩ፤ ወሬያቸው ይዞኝ መቂ ድረስ ሄድኩ።