ድንኳኑ መንገድ ላይ የተተከለው በእኔ ነው

የተከበራችሁ የእትዬ ብርቱካን ቤተሰቦች፣ የእድራችን አባላት፣ የቤተ ክርስቲያን ወገኖቻቸው፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዩኑስ ነኝ። መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ከእሳቸው ጎን ተቀምጫለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በሐይቁ ዳር አብረን እንሄድ ነበር። መሄድ ከተባለ ነው! አሥር እርምጃ ሄደው ይቆማሉ። ወፍ አይተዋላ።

አንድ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው አካባቢ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ መሀል መንገድ ላይ ተገትሯል። ባጃጅ እየከነፈ መጣ። እትዬ ብርቱካን ባጃጁ ፊት ቆሙ። ሹፌሩ «እማማ፣ ለዚህ አስቀያሚ ብለው ነው?» አላቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «እሱ ባይኖር የዓሣውን አንጀት አንተ ትለቅመው ነበር!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ባጃጁም አባ ኮዳው እስኪነሳ ጠበቀ። እሳቸው ማንን ፈርተው ያውቃሉ?

ጎረቤቶች፣ እውነቱን እንነጋገር። «ጦጣ ቀላቢ» አላላችኋቸውም? ፓፓያቸውን ጦጣ ሲጨርሰው በአጥር አሻግራችሁ አልሳቃችሁም? እኔም ስቄአለሁ። እሳቸው ግን «ዩኑስ፣ ያልበሰለውን እንደማትነካ አየህ? ከእኔ በላይ ታውቃለች» ይሉኝ ነበር።

ታመው መነሳት ሲያቅታቸው አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዞርንላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ካለው ዋርካ ላይ አንዲት ጉሬዛ ወልዳለች። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ነጭ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እሳቸውም በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ገና ማየታቸው ነው። አለቀሱ። ከዚያ እጄን ያዙና «እድሩ ድንኳን ሊተክል ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆርጠው ቅርንጫፍ ነው። አውቃቸዋለሁ። ድንኳኔ መንገድ ላይ ይሁን። ያንን ዋርካ የነካ ለቅሶዬን እንዳይደርስ!» አሉኝ።

ትናንት እንዳሉት ሆነ። የእድራችን ሰዎች፣ ለክፋት ሳይሆን እንደ ልማዳቸው፣ መጋዝ ይዘው መጡ። ዛፉ ሥር ቆምኩ። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ በኃይሉ «አስከሬን እቤት ተቀምጦ ስለ ጦጣ ታወራለህ?» ብለው ተቆጡኝ። አዎ፣ አወራለሁ! ዛሬም በአስከሬናቸው ፊት አወራለሁ። ድንኳኑ መንገድ ላይ የተተከለው፣ እናንተም አቧራ የጠገባችሁት በእኔ ነው። ይቅርታ አልጠይቅም።

አሁን ደግሞ «ለቅሶው ይውጣ እንጂ ዋርካው ይቆረጣል፤ ባለቤቱ የለችም» ሲባል ሰምቻለሁ። ማነው ባለቤት የለውም ያለው? ልጃቸው ኤልናታን ይኸው ቆሟል። ትናንትም «የእናቴ ቃል ነው» ብሎ ከጎኔ የቆመው እሱ ነው። የሟች ቃል ይከበራል እያላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ አይደላችሁም? ታዲያ አደራ በላ አታድርጉን።

እትዬ ብርቱካን፣ እርስዎን ሞት ወሰደዎት፤ እሱን መከልከል አልቻልኩም። መጋዙን ግን እችላለሁ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋርካዎ ሥር ነኝ። ከነገ ወዲያም እዚያው ነኝ። ግልገሉ ጠቁሮ፣ ከእናቱ እቅፍ ወርዶ ብቻውን እስኪዘል ድረስ ማንም አይነካውም። ከዚያም በኋላ አይነካውም። አያስቡ። በሰላም ይሂዱ፣ እትዬ።