ሙቀት የመታው ደም

— ሄሎ… አቤት እትዬ! ልደውልልሽ ስል ቀደምሽኝ። … ደህና ነኝ። … አይ፣ ቀልድ የለም። ዛሬ የምነግርሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የእናታችን አጥንት ይውጋኝ። … አትሳቂ እንጂ!

— መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ፤ ክኒኑን ጀመርሽ? … ለማሳከኩ የታዘዘልሽን ነዋ! … ጠዋት? ስንት? … አንድ።

(ስልኩን ራቅ አድርጎ፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዋ) አንድ ውጣለች እህቴ። … እሺ፣ እነግራታለሁ።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ሁለተኛውን እንዳትነኪው። አሁኑኑ ነይና ደም እንደገና ስጪ። … አውቃለሁ፣ «ደምሽ ገብቷል፣ ክኒኑን ጀምሪ» ያልኩሽ እኔው ነኝ። ዋሽቼሽ ነው፤ ላብራቶሪው ትናንት አልተቀበለኝም። … ምን ያደርግልኛል ደምሽ፣ ልሽጠው? ሙቀት መቶት ነው። ናሙና የማመላልስበት መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ቆየ።

— ምን ላድርግ፣ መንገዱ ተዘጋ! ዶሮ የጫነ መኪና ተገልብጦ፣ ሦስት ሺህ ዶሮ አስፋልቱን ሞላው። … አዎ፣ ሦስት ሺህ! አንዷማ የትራፊኩ ባርኔጣ ላይ ወጥታ … እሺ እሺ፣ ተውኩት።

— ክኒኑ ምን አገባው? አገባው እንጂ! ስሚኝ። ደምሽ ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ዘበኞች አሉ። እያንዳንዱ ዘበኛ ጠላት የሚለይበት መዳፍ አለው፤ ሪሴፕተር ይሉታል። ጤነኛ ሰው ላይ የመዳፉ ዓይነት ብዙ ነው። የደም ካንሰር ሲሆን ግን አንዱ ዘበኛ ራሱን እየቀዳ፣ እየቀዳ ቤቱን ይሞላዋል። የላብራቶሪው ማሽን ደምሽ ውስጥ የሚፈልገው እነዚያን ባለ አንድ ዓይነት መዳፎች ነው። ክኒኑ ደግሞ ያሸሻቸዋል፤ ሳይታዩ ያመልጣሉ። … ከራሴ አልፈጠርኩትም! እኔ እንዲህ ያለ ነገር የምፈጥርበት ትምህርት የት አለኝ?

(ወደ ባለሙያዋ) እ? … እሺ።

— ምርመራው ብቻውን አይፈርድም ትልሻለች፤ ሐኪሙ ከሌላው ጋር አያይዞ ነው የሚያየው። አንድ ክኒን መዋጥሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። … ካንሰር ነው አላልኩም፣ እትዬ። ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው እኔ ያዘገየሁት።

— አስራ ሁለት ዓመት የሰው ደም ሳመላልስ አንድ ብልቃጥ አላበላሸሁም። ማበላሸቴ ካልቀረ ያንቺን …

— ምን አልሽ? … «የቱ ነው ውሸቱ?» … ከልጅነታችን ጀምሮ ወሬዬን በጨረስኩ ቁጥር ይቺን ጥያቄ አትተይም።

— … ዶሮዎቹ።

— አንድም ዶሮ አልነበረም። መንገዱ ባዶ ነበር። ጋራዥ ቆሜ ለመካኒኮቹ ወሬ ስሰልቅ ነው ሦስት ሰዓቱ ያለፈው። ሲስቁልኝ ሌላ ጨመርኩ፤ ሲስቁልኝ ሌላ ጨመርኩ። ደምሽ መኪናው ውስጥ ነበር። አጥንቱም ይኸው እየወጋኝ ነው።

— ሄሎ? … እትዬ? … ምንድን ነው የሚንኳኳው? … ጫማሽን እያደረግሽ ነው? … እሺ። እሺ እትዬ። የላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። … ብልቃጡን ባለሙያዋ ራሷ ትይዘዋለች፤ እኔ አልነካውም። … በይ ዝጊው።