የማዕዱ አባት ምላሱን እንዳረመ

የዝናብ ማግስት ነበርና ወደ ኦዙርጌቲ ገበያ የሚወርደው ሚኒባስ ጭቃ ያዘው። የእኛን አውራጃ የጉሪያን ጭቃ እንደ ሌላ አገር ጭቃ እንዳታዩት፤ አምና የአንድ ጎረቤቴን ቦት ጫማ ዋጠበት፣ በጸደይ ሲመለስ ቦቱ አቆጥቁጦ ሁለት ጥንድ ሆኖ ጠበቀው።

ሾፌሩ ትራክተር ፍለጋ ሲሄድ ሦስት ሰዎች ቀረን፤ አዛውንቱ ፖርፊሌ፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ኬቴቫን እና እኔ። ፖርፊሌ የመንደራችን የማዕድ አባት ናቸው። እሳቸው ጽዋ አንስተው ካልመረቁ ወይን የሚቀምስ የለም፤ ዘፈን ሲነሳም ሦስቱን ድምፅ የሚያስማሙት እሳቸው ናቸው።

ዝምታ ያሳክከኛል። «ባቶኖ ፖርፊሌ፣» አልኳቸው በአገራችን የአክብሮት መጠሪያ፣ «የልጅ ልጅዎ የማክቫላ ሠርግ እሑድ ነው አይደል? ማዕዱን የሚመራው ከከተማ የተቀጠረ ሰው ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ፊታቸው እንደ ሆመጠጠ ወይን ሆነ። «እውነት ነው። የሙሽራው ወገኖች እንግሊዞች ናቸው፣ ሰውየው ደግሞ ቋንቋቸውን ይችላል። እኔ ጥግ ይዤ የበቆሎ ቂጣዬን እበላለሁ።»

ኬቴቫን ደነገጠች። «የራስዎን የልጅ ልጅ ባዕድ ይመርቃት?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ሞከርኩ እኮ! ማክቫላን ‹ኑሩ› በእንግሊዝኛ እንዴት ነው ብላት ‹ሊቭ› አለችኝ። ‹ሂዱ›ስ? እሱም ሊቭ! መርከብ ሺፕ፣ በግ ሺፕ! በግና መርከብ የማይለይ ሕዝብ ባሕሩን በምን ተሻገረ? በበግ?»

«ለዚህ ነዋ ሱፍ የሚያበዙት!» አልኩ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ዝም በል!»

ኬቴቫን ሳቋን ዋጥ አድርጋ በትሕትና ቀጠለች። «አንድ አይደሉም ባቶኖ ፖርፊሌ። መርከቧ አጭር ናት፤ አፍዎን ላላ አድርገው ቶሎ ይልቀቋት፤ ሺፕ። በጉን ግን እንደ ፈገግታ ከንፈርዎን ወደ ጎን ስበው ያቆዩት፤ ሺኢፕ። መኖርም አጭር ነው፣ ሊቭ። መሄድ ረጅም ነው፣ ሊኢቭ።»

«መኖር አጭር መሆኑንማ ያለ እንግሊዝም አውቀዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ከንፈሬን ልለጥጥ? ኑሩልን ብዬ ስመርቅ ሂዱልን ብልስ? የማዕድ አባት አንዴ ከተሳቀበት አበቃለት!»

ልብ በሉ፤ ትልቅ ሰው ስሕተትን አይፈራም፣ የሚፈራው ሳቅን ነው። ብዙ ሊቅም በዚህ ፍርሃት ደንቁሮ ይቀራል።

«ሙሽራውንስ ያችን ምላስ የምታስር የእንቁራሪት አባባላችንን አላስባሉትም?» ብዬ ነካካኋቸው።

ሽማግሌው ሞቅ አላቸው። «ባቃቂ ፅቃልሺ ቂቂኔብስ! ‹እንቁራሪት ውሃ ውስጥ ትንቋቋለች› በል አልኩት። እሱ ‹ባካኪ› ይላል፤ ሳል የያዛት እንቁራሪት! አገር ሳቀበት።»

«ተቀየመ?» አለች ኬቴቫን።

«የለም። አብሮን ሳቀና ደግሞ ሞከረ። ሲመሽ በትክክል አወጣት። እኔ እኮ ልጁን የወደድኩት ያን...» ብለው ቆሙ። የተናገሩትን የራሳቸው ጆሮ ሰምቶባቸዋል።

ኬቴቫን ፋታ አልሰጠቻቸውም። «ባለፈው ፋሲካ የዘፋኛችን የቤሶ ድምፅ የፀጉር ያህል ወረደ ብለው ዘፈኑን አላስቆሙም?»

«ወርዷላ! ላም እንኳ ይሰማዋል!»

«ያን የሰማ ጆሮ አጭርና ረጅም ይጠፋዋል? በዜማ ይበሉት። ደግሞስ ማክቫላ እንግሊዝ አገር ትወልዳለች፤ ሕፃኑ ሲያጠፋ በአስተርጓሚ ነው የሚቆጡት?»

«የልጅ ልጄን ልጅ?» አሉ ፖርፊሌ። «በአስተርጓሚ?» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ፣ በጉን አምጪው!»

ሾፌሩ ትራክተር ይዞ ሲመለስ ሦስታችንም ጥርሳችንን አግጠን «ሺኢፕ» ስንል አገኘንና አማተበ።

እሑድ ዕለት የከተማው ሰው እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀምጦ ዶሮውን በላ። ፖርፊሌ የቀንድ ዋንጫ ይዘው ቆሙ፤ በቋንቋችን መረቁ፣ በእንግሊዝኛ ደገሙት። ‹ኑሩ›ን አጭር አድርገው እንደ ሚስማር መቷት። አንዲት ቃል ግን አዳለጠቻቸው፤ ‹ብርጭቋችሁን ሙሉ› ለማለት ‹ፊል›ን ‹ፊኢል› ብለው ሳቧትና ‹ዳስሱ› ሆነች። እንግሊዞቹ ጨዋ ናቸው፣ ሁሉም ብርጭቋቸውን ዳሰሱ። ፖርፊሌ አስተውለው ከሁሉ ቀድመው ሳቁ፣ ቃሏን አሳጥረው ደገሙ፣ ወይኑም ተቀዳ።

የሙሽራው እናት ተነሥታ መጣችና ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፤ የእነሱም ቤት የማዕድ አባት የለውም፣ መቼ ይመጣሉ? የከተማው ሰው ሊያስተረጉም አፉን ሳይከፍት ፖርፊሌ በእንግሊዝኛ መልስ ሰጥተው ነበር።

ወገኖቼ፣ የተማረ አንደበት ጥቅሙ ይህ ነው፤ አማትን ያለ ደላላ ያገናኛል፣ ሽማግሌን ከጥግ አንስቶ ወንበሩ ላይ ይመልሳል፣ ለሚወለደውም ልጅ ቅድመ አያት ያተርፍለታል። የማታውቁትን ቃል ተሳሳቱና ተናገሩት፤ ምርቃት በተቀጠረ አፍ አይደርስም።