የአዴ ሎሚ ወንበር እንዴት ከመጋዝ ተረፈ

ሐጂ ከሊል ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ጣራ ላይ አንድ አሮጌ ወንበር ሲያስጭኑ፣ «አጥብቀህ እሰረው፤ ግን ገመዱ እንዳይፍቀው!» እያሉ ረዳቱን መላወሻ አሳጡት። ወንበሩ የሚሄደው ወደ መጋዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ባለ ነበር። ሐጂ በጎባ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ቃላቸው የታመነ፣ ግን አንዴ የወሰኑትን ለማስቀየር የሚያስቸግሩ ሰው ናቸው።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ኢፍቱ ትባላለች። ምህንድስና ተምራ ወደ ተወለደችበት ሮቤ ተመልሳ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለልብስ ስፌት መኪናና ለእርሻ መሣሪያ የሚሆኑ ትናንሽ መለዋወጫዎችን ትሠራለች። ወንበሩ ሲጫን ዓይኗ አልተነቀለም ነበርና፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠች።

«አካም ጅርቱ፣ ሐጂ? ያ ወንበር የእርስዎ ነው? የተዋጣለት እጅ የቀረጸው ነው።»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የአባቴ ነበር። አባቴ ካለፈ ወዲህ እናቴ ናት የምትቀመጥበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐጂ እናት አዴ ሎሚ ወገባቸው ስለደከመ የሚሰግዱት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው በመሆኑ ማንንም ሳይጠሩ ይነሱበት ነበር። በቅርቡ ግን ሊነሱ ሲደገፉ፣ የግራው የፊት እግር ከተቀረጸው ቦታ ላይ ተሰብሮ እርግፍ አለ፤ ለካ ውስጡን ምስጥ በልቶት ኖሯል። አዴ ሎሚ ወደቁ። አጥንታቸው ባይሰበርም ድንጋጤው አልለቀቃቸውም። የላስቲክ ወንበር ቢገዛላቸው ከሥራቸው እየተጣመመ አስፈራቸው። ከዚያ ወዲህ ፍራሽ ላይ ይውላሉ፤ ለመነሳትም ሰው መጥራት ግድ ሆነባቸው። በቤታቸው ሲያዝዙ ለኖሩ ሴት ይህ ከውድቀቱ ይብስ ነበር።

«ታዲያ አሁን ወዴት ይወስዱታል?» አለች ኢፍቱ።

«አናጺው ደጀኔ ዘንድ። አራቱንም እግር ከተሰበረው እኩል ይቆርጠዋል።»

«ይፍቀዱልኝና፣ ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር ልበል። የጎደለውን ቁራጭ ማተም ይቻላል።»

«ማተም? ወንበር ጋዜጣ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

ኢፍቱ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። «ስሪዲ ፕሪንተር ይሉታል፤ ቅርጽ የሚያትም ማሽን ነው። ጤነኛውን እግር ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ቅርጹን ሲይዝልኝ፣ በመስታወት እንደሚታይ ገልብጬ የቀኙን የግራ አደርገዋለሁ። ማሽኑ የእንጨት ብናኝ የተቀላቀለበትን የላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ በስስ በስሱ እየደረበ ቁራጩን ያወጣዋል።»

ላስቲክ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሐጂ ፊት ተለወጠ። «በቃ፣ ልጄ። ላስቲክ አንዴ አስፈራርቷታል። ዳግመኛ እንድትወድቅብኝ አልፈልግም።»

በዚህስ ማን ይፈርድባቸዋል? ሰው አዲስ ነገርን የሚገፋው ሁልጊዜ ከድንቁርና አይደለም፤ አንዳንዴ ለሚወደው ሰው ከመሳሳት ነው።

ሮቤ ሲደርሱ ኢፍቱ ፈቃድ ጠይቃ ተከተለቻቸው። ደጀኔ ወንበሩን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሐጂ፣ እኔ በርና መስኮት ነው የምሠራው። ይህን የቅጠል ጥምዝ መቅረጽ አልችልም። መቁረጥ ካሉ ግን እቆርጣለሁ።» ብሎ መጋዙን አነሳ።

«አንድ አፍታ፣ ጋሽ ደጀኔ» አለች ኢፍቱ። ጥግ ላይ የነበረውን አጭር የዱካ መቀመጫ ስባ በሐጂ ፊት አቀረበች። «እባክዎ፣ እዚህ ላይ ይቀመጡልኝ። ወንበሩ ሲቆረጥ የሚኖረው ቁመት ይህን ያህል ነው።»

ሐጂ እየተገረሙ ተቀመጡ። ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ እጃቸውን ለደጀኔ ዘርግተው በእሱ ጉተታ ተነሱ።

«እኔ እንዲህ ከሆንኩ እናቴ እንዴት ልትሆን ነው?» አሉ ዱካውን እያዩ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ደጀኔ መጋዙን መልሶ ሰቀለው።

ሆኖም ልባቸው ገና አላረፈም። «ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ ስነግድ የኖርኩት የጨርቁን ነውር ለገዢ እያሳየሁ ነው። ላስቲክን እንጨት አስመስሎ ማቆም ማታለል አይሆንም?»

«ልክ ነዎት፤ ከተደበቀ ማታለል ነው። ስለዚህ አልደብቀውም። የታደሰ መሆኑንና ዓመቱን ከእግሩ በስተውስጥ በኩል አትምበታለሁ። ከሩቅ አንድ ይመስላል፤ ቀርቦ ያየ ሰው ግን ይለየዋል።»

«ጥንካሬውስ?»

«ህትመቱ ብቻውን እናትዎን ይሸከማል ብዬ አልዋሽዎትም። ክብደቱን የሚሸከመው ጋሽ ደጀኔ መሀል ለመሀል የሚተክለው ጠንካራ እንጨት ነው። የእኔ ቁራጭ በእንጨቱ ላይ የሚለበስ ቅርጽ ነው።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። የዕቃውን ድካም ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ዕድሜያቸውን ሙሉ በገበያ ያዩ ሰው ናቸው። «ቢስሚላህ በይና ጀምሪ» አሉ።

ሥራው ያለ እንቅፋት አላለቀም። ሐጂ ህትመቱን ሊያዩ በመጡበት ዕለት መብራት ጠፍቶ ቁራጩ ከግማሽ ላይ ተበላሸ። «ይኸው! የእኔ ነገር!» ብለው ሊወጡ ተነሱ። ኢፍቱ ግን ሳትደነግጥ ባትሪ ተውሳ አመጣችና እንደገና ጀመረች። «የተበላሸው ክሩ ነው፤ ቅርጹ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፣ ሐጂ። በእጅ ሲቀረጽ የተበላሸ ቢሆን የብዙ ቀን ድካም ከንቱ በቀረ ነበር» አለች። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

ቁራጩ ሲያልቅ ደጀኔ ምስጥ የበላውን ጠርቦ አወጣ፣ በምትኩ እንጨት ተከለ፣ በኮላ አጣብቆ ቫርኒሽ ቀባው። ከዚያም ሐጂ ራሳቸው ከጎረቤት ወፍጮ ቤት የስንዴ ጆንያ አስመጥተው ወንበሩ ላይ አስጫኑ። በላዩ ሌላ ጨመሩ። ወገባቸውን ይዘው ዙሪያውን ዞሩት፤ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ከደረታቸው አንዳች ሸክም የወረደ ይመስል ነበር።

አዴ ሎሚ ወንበሩን ሲያዩ መጀመሪያ አልቀረቡትም። ልጃቸው የሆነውን ሁሉ፣ ላስቲኩንም ሳይደብቁ ነገሯቸው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዲሱን እግር ዳሰሱ፣ የቀኙንም ዳሰሱ። ከዚያ በቀስታ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው መደገፊያውን ጨበጡ። ሐጂ ሊደግፏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «ዲሲ፣ ተወኝ!» አሏቸውና ቀጥ ብለው ቆሙ። ደግመው ተቀምጠው ደግመው ተነሱ። ሐጂ ከሊል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበርና።

ወሬውን የሰሙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሊጠይቁ መጡ። እሳቸውም ከአያታቸው የወረሱት፣ ጉልላቱ የተሰበረ ቁምሳጥን ነበራቸው። «አሮጌ ነገር ነው ብዬ ለማገዶ ላስፈልጠው ነበር» አሉ።

«እንዳያደርጉት!» አሉ ሐጂ። «እኔም በገዛ እጄ ላስቆርጥ ነበር። ይህ ዕውቀት አሮጌውን የሚያስጥል መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የሚያኖር ሆኖ አገኘሁት። የአባቶቻችን እጅ የሠራው ከቤት አይወጣም፤ ለአዲስ ዕቃ ሲባልም ሌላ የጽድ ዛፍ አይወድቅም። አናጺው ሥራ አያጣም፤ እንዲያውም በፊት ይመልሰው የነበረውን ሥራ ይቀበላል። የተማረው ልጅም እንጀራውን እዚሁ አገሩ ላይ ያገኛል። ከሁሉ በላይ ግን፣ እናቴ በገዛ ጉልበቷ ቆማለች።»

ወይዘሮ ወለተኢየሱስን ግን አንድ ነገር አሳሰባቸው። «ቅርጹ የሚቀዳው ከጤነኛው ነው አሉኝ። የእኔ ጉልላት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ቦታ ተሰብሯል።»

«ስባሪው አለ?»

«አለ። ከሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

«እንግዲያው ይምጡ፣ አብረን ሄደን እንጠይቃት» አሉ ሐጂ ከሊል ኮፍያቸውን እያነሱ። «የማይሆን ከሆነ አይሆንም ትለናለች። ያቺ ልጅ አትዋሽም።»